ጉዳዩ፡- «ሞርደው» ተብዬ ከሞረድኩት በኋላ «ተሞርዷል» ተብሎ እንዳይመለስ ስለተከለከለው የሽጉጥ ካዝና (የጥይት መያዣ) ማራዘሚያ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ይህ ለክፍላችሁ የምጽፈው አራተኛው ደብዳቤ ነው። የቀደሙት ሦስቱ በእጃችሁ ስለሚገኙ ምን እንደገዛሁ፣ መቼ እንደተረከብኩና ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ደግሜ አልዘረዝርም። የዛሬውን ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት ከእናንተ የደረሰኝ የሁለት መስመር መልእክት ነው፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ዕቃው በተጠቃሚው ተሞርዶ ቅርጹ ስለተለወጠ በመመለሻ ደንባችን መሠረት መልሰን ልንረከበው እንደማንችል በትሕትና እንገልጻለን።» ትሕትናው እንዳለ ሆኖ፣ ዕቃውን እንድሞርደው የመከሩኝ የራሳችሁ ባልደረባ መሆናቸውን ይህን መልእክት የጻፈልኝ ሰው ያወቀ አይመስለኝም። አውቆ ጽፎት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ስደውል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። በሽጉጥ ተኩስ የምወዳደረው በኦፕን (የመሣሪያ ማሻሻያ በስፋት በሚፈቀድበት) ምድብ እንደሆነ፣ በአይፒኤስሲ (በዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን) ደንብ በዚህ ምድብ ካዝናው ከነማራዘሚያው ከ170 ሚሊሜትር መብለጥ እንደማይፈቀድለት፣ ስለዚህም ማራዘሚያችሁ ከተገጠመ በኋላ ካዝናዬ በዳኞች መለኪያ ውስጥ ያልፍ እንደሆነ ማወቅ እንደምፈልግ አስረዳሁ። ስልኩን ያነሱት ባልደረባችሁ «ያልፋል» አሉኝ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ ደግሜ ብጠይቅ «የውድድር ዕቃ የምንሸጥ ሰዎች መቶ ሰባን አናውቅም መሰለህ?» አሉ። በነገራችን ላይ፣ እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ስላቸው እሳቸው «አንተ» ማለታቸውን ያኔ እንደ ቀረቤታ ቆጥሬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ከቀሩት ነገሮች ጋር ሳስተያየው እንደዚያ አይታየኝም።

ሦስቱ ማራዘሚያዎች ደርሰው በሦስቱ ካዝናዎቼ ላይ ገጥሜ በካሊፐር ስለካቸው አንዱ 169.7፣ ሁለተኛው 170.6፣ ሦስተኛው 170.9 ሚሊሜትር ሆኑ። ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ልዩነት ለተራ ተጠቃሚ ምንም እንዳልሆነ አላጣሁትም። በውድድር ግን መለኪያው «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ይገባል ወይ አይገባም። ያን ዕለት ማታውኑ የለካኋቸውን ቁጥሮች ከፎቶግራፍ ጋር ላክሁላችሁ። ምላሽ የሰጠኝ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለው ራሱን በራሱ የሚልክ ጽሑፍ ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ደወልኩ፤ እዚያው ሰው አነሱ። ከዚህ በታች ያለውን ንግግር በዝርዝር የማስቀምጠው ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። መጀመሪያ «የካዝናህ ቱቦ ነው የረዘመው» አሉ። ቱቦዎቹን ለብቻቸው አውጥቼ መለካቴን፣ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር እንደማይበልጥ፣ ስለዚህ የቀረው ልዩነት ከማራዘሚያዎቹ እንጂ ከሌላ ከየትም ሊመጣ እንደማይችል ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እሺ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነገር ነው፤ ከታች በኩል በሞረድ ነካ ነካ ብታደርገው ያልቃል» አሉኝ። እኔም ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ አድርጌ «ከሞረድኩት በኋላ መመለስ ብፈልግ ችግር አይፈጥርብኝም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ምን በወጣህ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አሉ። «እንግዲያው ይህንኑ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ስላቸው «ጽሑፍ ምን ያደርግልሃል፤ ስልኩ ይቀዳል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ንግግራችን እንደሚቀዳ ስልኩ ከመነሣቱ በፊት የተነገረኝ ማስታወቂያም ይመሰክራልና፣ የሰው ቃል አምኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ማራዘሚያውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳ አሰርኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞረዱን ካስኬድኩ በኋላ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ እየለካሁ፣ እንደገና እያሰርኩ፣ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀሁበት። ጥቁሩ ቀለም ተነሥቶ ነጩ አሉሚኒየም ሲወጣ ልቤን ትንሽ ከብዶት ነበር፤ አዲስ ዕቃ ነዋ። ሁለቱንም 169.9 ላይ አደረስኳቸው። ያላሰብኩት፣ ሊያስብልኝ የሚገባው ግን ዕቃውን የሠራው ወይም የሚሸጠው አካል የነበረው ነገር የወለሉ ውፍረት ነው። እስከ አንድ ሚሊሜትር የተነሣለት ወለል፣ ካዝናው በጥይት ሲሞላና ሞላው (ጥይቶቹን ወደ ላይ የሚገፋው ስፕሪንግ) ተጨምቆ በሙሉ ኃይሉ ወደ ታች ሲገፋው፣ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ባዶውን ካዝና ለክቼ ጥይት የሞላበትን አለመለካቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይህን ሳልደብቅ እቀበላለሁ። በሞረድ ይጨረሳል ብሎ የመከረኝ ሰው ግን ከእኔ በፊት ሊያውቀው ይገባ ነበር።

በውድድሩ ቀን ጠዋት ጥይቶቼ በጥይት ፍጥነት መለኪያው ላይ ተተኩሰው ለኦፕን ከባድ የኃይል ደረጃ የሚጠየቀውን 160 (ከጥይቱ ክብደትና ፍጥነት የሚሰላ ቁጥር ነው) በሚገባ አለፉ። ከሰዓት በኋላ አንዱን ዙር ጨርሼ ስወጣ ዳኛው ከወገቤ ላይ ያለውን ያልተነካ ካዝና ጠየቁኝና ወደ መለኪያው አስገቡት። ጥጉ ላይ ያዘ። አውጥተው አገላብጠው ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም ማለት አላስፈለጋቸውም። በስታንዳርድ ምድብ የሚወዳደር ሰው የመሣሪያውን ደንብ ባያሟላ ወደ ኦፕን ይዛወራል፤ በኦፕን ያለ ሰው ግን የሚዛወርበት ሌላ ምድብ የለውም፤ ውጤቱ ሳይመዘገብለት ይተኩሳል። እኔም የቀረውን ጊዜ እንዲሁ ተኩሼ፣ ስሜ ከውጤት ሰሌዳው ላይ ሳይኖር ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለወራት የተለማመድኩበት ውድድር ያለቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

ማግስቱን ስደውልላችሁ የተነገረኝ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንደኛዋ ባልደረባችሁ «እንዲህ ያለ ምክር ከእኛ አይሰጥም» አሉኝ። ወደ ሌላ ሰው አሻገሩኝ፤ እኚህኛው ደግሞ «ምክሩ ተሰጥቶ ከሆነም በራስዎ ኃላፊነት ነው» አሉ። የስልክ ቅጂው እንዲሰማ ስጠይቅ መጀመሪያ «ይፈለጋል» ተባልኩ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ «አልተገኘም» ተባልኩ። የማይሰጥ ምክር እንዴት በራስ ኃላፊነት ሊሰጥ እንደሚችል፣ የሚቀዳ ስልክስ እንዴት ልክ በአንዱ ንግግር ላይ እንደሚጠፋ፣ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ እስካሁን በሆዴ ይዤ ያለፍኳቸውንም ልጥቀስ። በገጻችሁ ላይ ማራዘሚያው «29 ጥይት ያስይዛል» ተብሎ ተጽፏል። ዕቃውን የመረጥኩት በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው፤ ምክንያቱንም ሳስረዳ ለባልደረባችሁ በግልጽ ተናግሬ ነበር። መካከለኛው ዙር እስከ 24 ጥይት ሊጠይቅ ይችላል፤ ብረት ዒላማ ስቶ ለሚደግም ሰው አራት ያህል መጠባበቂያ ካለው ካዝና ሳይቀይር ይጨርሰዋል። ረጅሙ ዙር እስከ 32 ስለሚደርስ መቀየር አይቀርም፤ እዚያ ላይም ቢሆን የት ቦታ ላይ እንደምቀይር የሚወስነው ካዝናዬ ስንት እንደሚይዝ ነው። ታዲያ የእናንተ 29 የሚገባው በአውራ ጣት ሳይሆን በጉልበት ነው። ከገባም በኋላ ሽጉጡ በተዘጋበት ሁኔታ ካዝናውን ከታች ብገፋው ብመታው አይቆለፍም፤ ጥይቶቹ የሚጨመቁበት ቦታ ስለማያገኙ። ሳልቸገር መቀየር የምችለው 27 ሲይዝ ብቻ ነው። ተኳሽ የሚገዛው ይህን ቁጥር ነው እንጂ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ተጭኖ ተጭኖ የሚያስገባውን ቁጥር አይደለም። ይህን ለባልደረባችሁ ባነሣባቸው «ጥሩ ተኳሽ ሁለት ጥይት ተርፎት ይጨርሳል» አሉኝ። ስለ ተኳሽነቴ ሐሳብ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ሞላውም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ማራዘሚያ ረዘም ያለ አዲስ ሞላ አብሮ እንደሚመጣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ከሦስቱ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ አልነበረም። ይህ የጎደለ ቡሎን ዓይነት ተራ ነገር አይደለም። ካዝናው ረዝሞ ሞላው የድሮው ከሆነ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ጥይቶች በፍጥነት የመግፋት አቅም ያጣል፤ የሽጉጡ የላይኛው ብረት ተመልሶ ሲመጣ ጥይቱ ገና አፍንጫውን ደፍቶ ያገኘውና ይነክሳል። ልምምድ ላይ አራት ጊዜ ነክሶብኛል። ስለ ጎደለው ሞላ የጻፍኩላችሁ ከሁሉም አስቀድሜ ነበር፤ «በመንገድ ላይ ነው» ከተባልኩ ሁለት ወር አለፈው። ጥቁር ያዘዝኩት አንደኛው ማራዘሚያ ቀይ ሆኖ መምጣቱን ደግሞ ጭራሽ ቅሬታ አድርጌ አላነሣሁትም ነበር፤ አሁን ግን መዝግቡልኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅኩት ሁለቱ እንዲቀየሩልኝ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ብትቀይሩልኝ ኖሮ ምስጋና ጽፌ እለያችሁ ነበር። በሁለተኛው የሁለቱ ገንዘብ እንዲመለስ ጠየቅኩ። ዛሬ የምጠይቀው ከዚያ ይበልጣል፤ የበዛውም በእኔ ስስት አይደለም፣ በእናንተ መዘግየት ነው። የሦስቱም ማራዘሚያዎች ሙሉ ክፍያ፣ ማለትም መለኪያውን ያለፈውም ጭምር፣ እንዲመለስልኝ፣ የመመለሻው ማጓጓዣ በእናንተ እንዲሸፈን፣ ውጤቴ ሳይመዘገብ የቀረበት ውድድር የመመዝገቢያ ክፍያም እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ ሌላ፣ በገጻችሁ ላይ ያለው 29 ተነሥቶ ሽጉጡ ተዘግቶ እያለ ያለ ችግር የሚገባው ቁጥር እንዲጻፍ፣ የካዝናው ርዝመትም ባዶ ሆኖ ሳይሆን ሞልቶ ሲለካ ምን እንደሚሆን እንዲገለጽ እፈልጋለሁ፤ ይህኛው ለእኔ ሳይሆን ነገ በዚያው ቁጥር ተማምኖ ለሚገዛው ሰው ነው። የክፍሉ ኃላፊም በራሳቸው ስም የፈረሙበት የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ፣ ከተቻላቸውም «እርስዎ» ብለው እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ14 ቀናት ውስጥ የሰው እጅ ያለበት ምላሽ ካላገኘሁ፣ የልውውጣችንን ሙሉ ቅጂ፣ የልኬት ፎቶግራፎቹንና የዳኛውን የምርመራ ማስታወሻ አያይዤ የሸማቾች ጥበቃ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ፤ የገንዘቡን መመለስም በከፈልኩበት ባንክ በኩል እጠይቃለሁ። ሰነዶቹን አንድ ላይ አጠናቅሬ ስለጨረስኩ ቀኑን ለማራዘም የሚቀርብ ሌላ «እየተመለከትነው ነው» አያስፈልገኝም።

ሦስቱም ማራዘሚያዎች ከነሳጥናቸው ታሽገው ለመላክ ዝግጁ ናቸው። ዕቃው ሳይጎድል ይመለስ የሚለው ደንባችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነም፣ ከሞርሳው ሥር የሰበሰብኩትን የአሉሚኒየም ብናኝ በትንሽ ላስቲክ ቋጥሬ ከውስጥ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ብትመዝኑት ሙሉ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የትዕዛዝ ቁጥሩ በአባሪው ላይ የተመለከተው ደንበኛችሁ