ለወንድ አባሎቻችን

ሰላም ወንድሞች፣

ባለፈው አንድ አዲስ አባል «ቤት ውስጥ ሰው ሰብስቦ መሸጥ የሴት ሥራ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ምን ልበላቸው?» ብሎ ነበር። ታሪኩን ንገራቸው። የፉለር ብሩሽ ኩባንያ መሥራች አልፍሬድ ፉለር በ1906 እ.ኤ.አ. ብሩሽ ይዞ በር ያንኳኳ ነበር። የቤት ዕቃ በቤት ግብዣ ላይ ይሸጥ የነበረውን ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስን በ1931 እ.ኤ.አ. የመሠረተውም ወንድ ነው። በእርግጥ ተፐርዌር የተባለው የፕላስቲክ ዕቃ ከሱቅ ወጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ እንዲሸጥ ያደረገችው ብራውኒ ዋይዝ ናት። የሷን ድርሻ መቀማት አያምርብንም።

የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ ወሬ እናበዛለን። እኔ መጀመሪያ ቀን ስለ አንድ ቢላዋ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ። ብረቱ፣ እጀታው፣ ዋስትናው! የቤቱ እመቤት ሰዓቷን ታያለች። ጨንቆኝ ቢላዋውንና አንድ ቲማቲም ለአንዲት እንግዳ ሰጠኋት። እንደ ወረቀት በስሱ ስትቆርጠው ሳሎኑ ሞቀ። ከዚያ እኔ ዝም አልኩ፣ እነሱ ቀጠሉ። ትእዛዝ የመጣው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግብዣውን በቤቷ የምታዘጋጀው አስተናጋጅ እንግዶቿን ስትጠራ ዕቃውን የሚያሳየው ሰው ወንድ መሆኑን አስቀድማ ትንገራቸው። በተለይ የቆዳ ቅባትና የውስጥ ልብስ የምትሸጡ። በር ላይ ደርሶ ከመተፋፈር ይሻላል። ሂሳቡንም እሷ ባለችበት ዝጉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የናሙና ቦርሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ተራ በተራ እንለማመዳለን።