ይድረስ ለእማዬ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ «ለአያቴ ፎቶ ላኪላት» እያለ ፋታ አሳጥቶኛል። ትልቋ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ስለ ልጆቹ ይሄን ሁሉ የማወራው ዋናው ነገር ከብዶኝ ነው።

የቆሽትሽን ነገር ከወንድሜ ሰማሁ። ያውም ከሦስት ወር በኋላ። ባለፈው ስመጣ ዕቃ እያጠብሽ ከግራ ጎድንሽ ሥር በእርጥብ እጅሽ ጫን ስታደርጊ አይቼሻለሁ። ቀሚስሽ ላይ የእጅሽ ቅርጽ ቀርቶ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» ስልሽ «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» አልሽኝ። አመንኩሽ።

ወንድሜ ሐኪሙ የሳለላችሁን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ቆሽትሽ ከጨጓራሽ ጀርባ ተጋድሟል፤ ጭራው ጣፊያሽን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጭራው ላይ ክብ ስሎ በእስክሪብቶ ደጋግሞ አድምቆታል። ፈሳሽ የቋጠረው ከረጢት መሆኑ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ግን ቢተዉት ውሎ አድሮ ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ስለሆነ ይውጣ አሉ።

ድሮ የቆሽት ጭራ ሲቆረጥ ጣፊያም አብራ ትወጣ ነበር። የጣፊያ የደም ሥሮች ቆሽቱን ታክከው ስለሚያልፉ መለየቱ አድካሚ ነው። ያንቺ ሐኪም ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ እየቋጠረ ትልልቆቹን ለማትረፍ አስቧል። ያ ባይሆን ሌላ መንገድም አለ። አንድሪው ዋርሾ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳየው፣ ትልልቆቹ ቢቆረጡም ጣፊያ ከጨጓራ በኩል በሚመጡላት ትንንሽ ሥሮች ልትኖር ትችላለች።

«ጣፊያ ምን ይሠራልኛል፣ አብረው ያውጡት» ብለሻል አሉ። እንደሱ አትበይ እማዬ። ደምሽን ከጀርም የምታጣራልሽ እሷ ናት። ጣፊያ የሌለውን ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ጀርሞች በሰዓታት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ሐኪሙ ከከፈተ በኋላ ጣፊያሽን ማትረፍ ሊያቅተው ስለሚችል የእነዚህን ጀርሞች ክትባቶች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ውሰጂ። የደም ማቅጠኛ ክኒን እንደምትወስጂስ ነግረሽዋል? በራስሽ እንዳታቋርጪ ደግሞ። ከቆሽቱ የሚፈስ ነገር ካለ የሚወጣበት ትንሽ ቱቦ ሆድሽ ላይ ያደርጉልሻል፣ እንዳትደነግጪ። ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽት ስለሆነ ስኳርሽንም ይከታተላሉ።

አባዬ ሲታመም «ፈተናዋን ትጨርስ» ብለሽ ደበቅሽኝ። በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል» ትይኝ ነበር። እኔም «እሺ፣ አትቀስቅሺው» እልሽ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ስደውል በሕይወት ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም። ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። አሳድገሽ ለዚህ አብቅተሽኛል፣ ውለታሽን ከፍዬ አልጨርሰውም። ይሄኛው ግን አልወጣልኝም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት እመጣለሁ። አትምጪ እንዳትይኝ። ልጆቹን አባታቸው ይይዛቸዋል። ሐኪሙ ጨርሶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ በራሴ ጆሮ ልስማው። ጣፊያሽ ብትተርፍም ባትተርፍም፣ ስደውል «ተኝታለች» የሚለኝ ሰው አልፈልግም።

ልጅሽ