ሰልፍ ላይ እናትህ አገኙኝ

ሰላም ነህ ወይ ጓዴ?

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ከአምናው ፋሲካ ወዲህ ድምፄን አልሰማህም። ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም፣ ለአዲስ ዓመት የላክኸውንም መልእክት አይቼ ዝም አልኩ። በቃ ይቅርታ። ሰበብ ልደረድር ነበር፣ አንተ ደግሞ ሰበቤን ከእኔ ቀድመህ ታውቀዋለህ።

እሁድ ሌሊት ቪትዟን ይዤ ማደያ ተሰለፍኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከፊቴ ስልሳ መኪና ቢኖር ነው። አንዱ ቦቴው ገብቷል ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። ወንበሩን ለጠጥ አድርጌ ተኛሁ። ንጋት ላይ መስታወቱ ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እማማ! ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ። ከሰልፍ ወጥቼ አልሸሽ ነገር፣ ተራዬ ይበላል። "ሰው እንዲህ ጠፍቶ ይቀራል?" አሉኝ። ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላሉም። ሲመለሱ እኔ አራት መኪና ብቻ ተጠግቻለሁ። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤት ልጅ ሻይ በፔርሙስና ሁለት ዳቦ ይዞልኝ መጣ፤ እሳቸው ናቸው የላኩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልናገረው። የ3,000 ዶላሩን ነገር።

በየካቲት 2014 ስትልክልኝ ዶላሩ በባንክ 50 ብር ገደማ ነበር። 150 ሺህ ብር ማለት ነው። ጨምሬበት መኪናዋን ገዛሁ፣ አንተም "ሲመችህ ለእማዬ በብር ትሰጥልኛለህ" አልከኝ። በሰኔ 2016 እቁብ ወጣልኝ። ያኔ ምንዛሪው 57 ነው፣ 171 ሺህ ብሰጣቸው እገላገል ነበር። እጄ ላይ ነበር እኮ! ግን ሐምሌ 7 የእህቴ ሠርግ ደረሰና ወንድም ነኝ አልኩና ሰንጋ ገዛሁ፣ ድንኳን ከፈልኩ፣ ዲጄ ከፈልኩ። (የሰንጋውን ፎቶ ላይክ አድርገኸዋል። የራስህን ገንዘብ ነው ላይክ ያደረግኸው።) ልክ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ይኸው በ2017 ዶላሩ 125 አልፎ ዕዳዬ ከ375 ሺህ በላይ ገባ። አንድ ብር ሳልበደር!

ማንን ልክሰስ? ሰልፍ ላይ ሆኜ የማስበው ይሄንኑ ነው።

ትዝ ይልህ እንደሆነ የተኳረፍነውም በዚሁ ነው። በ2014 ሰኔ እናንተ ጋ አሜሪካ የቤንዚን ጋሎኑ 5 ዶላር ሲያልፍ የማደያ ማሽን ላይ የተለጠፈውን የባይደን ፎቶ ላክህልኝ፣ ጣቱን ወደ ዋጋው ቀስሮ "እኔ ነኝ ያደረግኩት" የሚለውን። እኔ ደግሞ ጀርመን ውስጥም ጨምሯል፣ እዚያም ያስጨመረው ባይደን ነው ወይ አልኩህ። የዩክሬን ጦርነት ነው፣ ከኮሮና ወዲህ ሁሉም መኪናውን ባንዴ አስነሳ አልኩህ። በኮሮናው ጊዜ ጋሎኑ ከ2 ዶላር በታች ሲወርድ ትራምፕን ስታመሰግን አልነበር? መንገድ ላይ እኮ አንተና አምቡላንስ ብቻ ነበራችሁ! ከዚያ ስለ እኛ ቤንዚንም ያንኑ "የዓለም ጉዳይ ነው" ስደግምልህ ካድሬ አልከኝ። ካድሬዋ ሳታናድደኝ አልቀረችም፣ እውነቱን ልንገርህ።

አሁን ግን ሂሳቡን ሠራሁት፣ ሰልፍ ጊዜ ይሰጣል። በ2014 ክረምት አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሊትሩ 47.83 ነበር፣ የድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ በዓለም ገበያ ከ100 ዶላር በላይ። በ2017 ገና ሰሞን ሊትሩ 101.47 ገባ፣ በርሜሉ ግን 80 ዶላር ገደማ ላይ ነበር። ዓለም ቀንሶ እኛ ከእጥፍ በላይ ጨመርን። ይሄ ከፑቲን አይደለም። ድጎማው በየጊዜው ሲነሳ ቆይቷል፣ ብሩም ወድቋል፣ ነዳጁ በጅቡቲ የሚገባው ደግሞ በዶላር ነው። የሚገርምህ፣ በዶላር ስትመታው የእኛ ሊትር ያኔ እንዲያውም ረክሶ ነበር! ጋሎኑ 3 ዶላር ገደማ ይመጣ ነበር፣ አንተ ቨርጂኒያ ከምትቀዳበት ብዙም አይለይም ነበር። የራይድ ገቢዬ ግን በብር ነው።

ስለዚህ ግማሽ ትክክል ነበርክ። ግማሽ ብቻ፣ እንዳትጎርር። የመንግሥት ሰዎቹም ዝም ብለው አላደረጉትም። በድጎማ የረከሰው ቤንዚን በድንበር ይወጣ ነበር፣ ዶላርም በባንክ አይገኝም ነበር፣ የውጭ አበዳሪዎቹም ምንዛሪው ካልተለቀቀ እጃቸውን አይዘረጉም ነበር። ግን ያንን ሁሉ ዶላርና ብር የበላው የሁለት ዓመት ጦርነት ከዓለም ገበያ አልተገዛም። በርሜሉን ይቅር ብያቸዋለሁ፣ ብሩን ግን አልችልም።

አባዬ ደግሞ ይስቅብኛል። በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂ ሆኖ አድማ ከመቱት አንዱ ነው፣ ታውቃለህ። በአረብና እስራኤል ጦርነት ሰበብ በርሜሉ በጥቂት ወራት ከ3 ወደ 12 ዶላር ገደማ ሲተኮስ እዚህ ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨመረ። ጃንሆይ ጦርነቱን አልጀመሩትም። ዋጋውንም መልሰው አስቀነሱ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ግን ወሩ ሳያልቅ ወደቀ። "ታዲያ ያኔ በቤንዚኑ ነበር የተናደዳችሁት?" ስለው፣ "ወሎ እየተራበ ቤንዚን ምን አባቱ!" አለኝና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

የእኔስ ጥፋት? አንተ ጋ ስጽፍ ማምለጫ የለኝም። ሰንጋውን መንግሥት አላስገዛኝም። በእርግጥ ምንዛሪው በአንድ ሌሊት እንደሚለቀቅ የነገረኝም የለም... ይኸው ደግሞ ጀመርኩ።

ወደ ቁም ነገሩ። 60 ሺህ ብር ይዣለሁ፣ ከፋሲካ በፊት ለእማማ እወስዳለሁ። የቀረውን በስንት እንቁጠረው? በ50፣ በ57፣ ወይስ በዛሬው? በዛሬው ካልከኝ መኪናዋን መሸጥ ነው፣ አልከራከርህም። ብቻ ሳታፍር ንገረኝ፣ እንዳንተ ያለ ይሉኝታ የያዘው ሰው ስላላየሁ ነው። ድምፅ ላክልኝ፣ በጽሑፍ ስትቆጣ አያምርብህም።

የእማማ ፔርሙስ እስካሁን የኋላ ወንበር ላይ ነው። በባዶ እጄ ልመልሰው አፍሬ።