ስለ አባዬ ዝምታ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ስለ አባዬ «ዝም ያሰኘው ስትሮኩ ነው» ያልሽኝ አልተዋጠልኝም። ስትሮክ ካገኛቸው 3 ሰዎች አንዱን ገደማ ድባቴ ይይዘዋል፤ በሕክምናም ይሻላል። አባዬ «ከፋኝ» ማለት ስለማይችል ከአፉ ሳይሆን ከአድራጎቱ ነው የምታውቂው።

«ከፋህ ወይ?» ከማለትሽ በፊት «ጅማ ነን?»፣ ቀጥሎ «መቀሌ ነን?» በዪው። ለሁለቱም አዎ ካለ መልሱ አይታመንም። ያኔ የሳቀና ያዘነ ፊት ወረቀት ላይ ሳዪለትና ይጠቁም፤ ግን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች። ሰውነቱ የደከመው በቀኝ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውንም ላያይ ይችላል።

ለ2 ሳምንት ደብተር ያዢ። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ይቀራል ወይ? ቡና ሲፈላ ፊቱን ያዞራል? ሰው ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል? እንቅስቃሴ ሲያሠሩት እጁን ይነጥቃል? ልቅሶ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ድንገት መጥቶ ወሬ ስታስቀይሪ ወዲያው የሚቆም ከሆነ፣ ሳቁም እንዲሁ ካመለጠው፣ አንጎሉ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ይሆናል፤ ይህንንም ለሐኪም ንገሪ።

ምግቡ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የተረፈው ከሳህኑ ቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ አላየውም ማለት ነው፤ ሳህኑን አዙሪለት። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ መዋጥ ከብዶታል። ሁለቱም ሳይሆን የሚወደውን ጨጨብሳ ከገፋ ግን ያሳስበኛል። ልብስ ስታለብሽው ፊቱ ከተኮማተረም ትከሻውን አሞት ይሆናል፤ ሕመምም ሰውን ዝም ያሰኛል።

ደብተሩን ይዘሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂው። መናገር ለማይችሉ ሕሙማን አስታማሚ የሚመልሰው ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ አለ፤ ከ30 ነጥብ 14ና ከዚያ በላይ ከመጣ በጥልቀት መመርመር ይገባል። ፍሉክሲቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ካዘዙለት ጠዋት ስጪው፤ ማታ እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነውና «አልሠራም» ብለሽ እንዳታቋርጪ። አስፒሪን እንደሚወስድ ንገሪያቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ሰገራው ከጠቆረ ሳትውይ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጎረቤት «ይጫወትበት» እያለ የሚያቀብለው ጫትም ይቅር፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል።

መድኃኒትም ምግብም አልቀበልም ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። እስከዚያው ክኒኖቹን ቆልፊባቸው፣ ብቻውንም አይደር።

እሁድ እደውላለሁ፤ ደብተሩን አጠገብሽ አድርጊው።

ልጅሽ