ጉዳዩ፦ ታካሚው ሳይጠየቅ ስለተሰጠው መርፌ

ቀን፦ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የወንድሜ የሕመም ታሪክ ካርዱ ላይ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስለሆነው ነው።

ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን ሐኪሙ «ማክሰኞ ስለ መድኃኒቱ ስንነጋገር እሱም ይቀመጣል፤ ሐሳቡን ሰምተን እንወስናለን» ብለው ቃል ገብተውልን ነበር። ወንድሜም ሦስት ነገር በእጁ ጽፎ ተዘጋጀ፦ ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲወስድ እግሩ አላስቀምጥ እንደሚለው፣ ሌላው መድኃኒት ሪስፔሪዶን ተስማምቶት እንደነበር፣ የግድ መርፌ ከሆነ ደግሞ በትንሹ ተሞክሮ እንዲታይለት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ሲስተሯ «አንተ ውጭ ጠብቅ፣ አስታማሚህ ትግባ» አሉት። ውስጥ የጠበቀኝ ያለቀ ውሳኔ ነው፦ ሞዲኬት የሚባለው መርፌ፣ 25 ሚሊግራም። «የጻፈው ነገር አለ፤ እባክዎ ይዩለት» ስላቸው፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያዩ «እሱ አሁን የሚለው አይያዝም» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተወጋ።

የሚዋጥ መድኃኒት ካልተስማማ ነገ ይቆማል። ሞዲኬት ግን በሰሊጥ ዘይት የተዘጋጀ መርፌ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ከተወጋ በኋላ መልሶ ማውጣት የለም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ለሙከራ 12.5 ሚሊግራም ተሰጥቶ ከ4 እስከ 7 ቀን የሚታየው። ወንድሜ በወረቀቱ የጠየቀው ይህንኑ ነበር! በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ግራ ተጣመመ። ለእንዲህ ያለው የመድኃኒት ጠንቅ የሚሰጠው አርቴን እስኪሰጠው ሁለት ሰዓት ጠበቀ።

በሕመሙ ምክንያት ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው ሁሉ ስለ መድኃኒቱ ማሰብ አይችልም ማለት አይደለም። የመወሰን አቅም የሚታየው ለአንድ ውሳኔ፣ በዚያ ሰዓት ነው፦ የተነገረውን ተረድቷል? በሐሳቡ ይዞታል? ጥቅሙንና ጉዳቱን ያመዛዝናል? ፍላጎቱን መግለጽ ይችላል? ይህን ለማወቅ በአጭሩ ነግሮ «እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ማለት ይበቃል። የሚያፈዘው የማታው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ገና ሳይለቀው በጠዋት ከመጠየቅ ከሰዓት በኋላ ማነጋገር ይሻላል፤ ዛሬ ካልሆነለት ነገ ይሞከራል። ድንገተኛ አደጋ ቢሆን ኖሮ እረዳ ነበር፤ ግን ያን ቀን ማንንም አልነካ፣ ራሱንም አልጎዳ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 25 ሕክምና በታካሚው ነፃ ፈቃድ፣ በቂ መረጃ አግኝቶ እንዲሰጥ ይላል።

ቤተሰብ ታካሚውን ጸበል ሲወስድ «ሕክምና ለምን አቋረጣችሁ» ትሉናላችሁ። ሳይጠየቅ የተወጋ ሰው ለቀጣዩ መርፌ በእግሩ ይመጣል ብላችሁ ነው?

ይህንኑ ለመናገር ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዤ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ። የአስተያየት ሳጥኑን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ እንኳ የሚያውቅ አላገኘሁም። የጠያቂ ሰዓት መቀየሩንም የነገረን የበሩ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ መርፌ ከሚሰጥበት ከጥቅምት 25 በፊት ከወንድሜ ጋር፣ እሱ ባለበት፣ ተቀምጣችሁ እንድትነጋገሩ፤ ወረቀቱ ከካርዱ ጋር እንዲያያዝ፤ የሙከራው መጠን ለምን እንደታለፈ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ሲሻለው ደግሞ፣ ሕመሙ ቢነሳበት የሚፈልገውንና የማይፈልገውን አስቀድሞ አስፍሮ በካርዱ ይቀመጥለት። እስከዚያ ቀን መልስ ካላገኘሁ ለጤና ቢሮ፣ ከዚያም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አመለክታለሁ።

የወረቀቱን ቅጂ አያይዣለሁ። ዋናው እሱ ዘንድ ነው፤ ጠይቁትና ራሱ ያንብብላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚው ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ጽ/ቤት