የቁስቋም መስቀሎች ሳይረግፉ ይመዝገቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር ላይ የቅርስ ጥገና ወሬ ሲነሳ ሁሌም ፋሲል ግቢ ነው። ደግ ነው፣ አልቃወምም። ግን እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የተቀረጹት መስቀሎችስ? ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ቀዩ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ለቀራጩ ተመችቶታል፣ ለክረምቱም እንደዚያው።

ነገሩን ያነሳሁት የስኮትላንዱን የሩትዌል መስቀል ታሪክ ሳነብ ነው። 8ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተቀረጸ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ድንጋይ ነው። የክርስቶስ ምስል፣ የወይን ሐረግ፣ በጥንት ፊደላቸው የተጻፈ የስቅለት ግጥም ሳይቀር አለበት። አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1642፣ የስኮትላንዶቹ የገዛ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ «ጣዖት ነው» ብሎ አስሰበረው (የሃይማኖት ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም መቼም)። 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሄንሪ ደንካን የሚባል የአጥቢያው ቄስ ስብርባሪውን ለቃቅሞ መልሶ አቆመው፤ አግዳሚው ክንድ ግን ጠፍቶ ስለነበር በግምት አዲስ አስቀረጸ። ዛሬም ጎብኚው የሚያየው ያንን ግምት ነው።

አየርላንዶች ክሎንማክኖይስ በሚባለው ጥንታዊ ገዳማቸው ዋናዎቹን መስቀሎች ቤት አስገብተው ውጭ ቅጂ አቁመዋል። እኛ ግድግዳ ነቅለን አናስገባም፣ ገንዘቡም የለም። መመዝገብ ግን ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። ካሜራ፣ ሜትር፣ መሰላልና ደብተር ይበቃል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይችሉታል። ፎቶው በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይነሳ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ያለቀው ቅርጽ እንኳ ጥላ ጥሎ ይታያል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ባዶ ድንጋይ ነው የሚመስለው። የየትኛው ግድግዳ እንደሆነና መጠኑ አብሮ ይጻፍ።

እስከዚያው አደራ፣ ለንግሥ ይጽዳ ተብሎ በሽቦ ብሩሽ እንዳይፈገፈግ። ሲሚንቶም እንዳይነካው። ፋሲል ግቢን ጣሊያን በሲሚንቶ ሲጠግን ያመጣውን ጣጣ እናውቃለን፤ ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ስለሚያፍነው ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣና ፊቱን ይዞት ይረግፋል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ቢጀመር ለኅዳር 6ቱ የቁስቋም ንግሥ ይደርሳል። አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱ ለባህል ቢሮ ይቀመጥ። መሰላል የሚይዝ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጎንደር አንባቢ