ለልጄ ለቤዛ፦ ሆዱ ከተነፋ ሲነጋ አትበይ

ውድ ልጄ ቤዛ፣

እንዴት ነሽ እናቴ? ዳዊት ከደወለልኝ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ውሻሽ ቡሬ ሽኮኮ አይቶ ሲወረወር አስፋልቱ ላይ ጎትቶ ጣለሽ፣ እጅሽንም ወለም አለሽ አሉ። ለእናትሽ «ደህና ነኝ» ብለሻታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ከከብት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ትልቅ እንስሳ ሳያስበው ሰው እንደሚጎዳ አውቃለሁ።

ማሰሪያውን እጅሽ ላይ መጠምጠም ከዛሬ ጀምሮ ተዪ። ደረቱ ፊት ለፊት ላይ የሚያያዝ ማሰሪያ ግዢለት። ሥልጠናም አስገቢው፤ ዛሬ ነገ እያልሽ አታዘግዪው። ገና በ9 ወሩ 50 ኪሎ ገብቷል። እንደ እሱ ያለ የግሬት ዴን ዘር ወንድ ውሻ ሲያድግ ከ63 እስከ 79 ኪሎ ይደርሳል። ያኔ በጉልበት አትይዢውም፤ የሚያዘው ዛሬ በለመደው ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን እጅሽ አይደለም። እጅ ይድናል። ያስጻፈኝ የቡሬ ሆድ ነው።

ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ይነፋና በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ከተጠመዘዘ ላይም ታችም ይዘጋል። ጋዙ መውጫ ያጣል። ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ግሬት ዴን ደግሞ ለዚህ በሽታ ከሁሉም ውሾች በላይ የተጋለጠ ዘር ነው። ምልክቱን ልንገርሽ፣ ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። ሊያስመልሰው ይታገላል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ለሀጩ ይዝረበረባል። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ዕረፍት ያጣል። ጎኑን ዞሮ ዞሮ ያያል። ከጎድን አጥንቱ ኋላ ያለው ሆዱ ይወጠራል። ድዱ ይገረጣል። ሁሉም ምልክት እስኪሟላ አትጠብቂ። ሆዱ ከተነፋ ሲነጋ አትበይ። በዚያው ሰዓት ይዘሽው ሂጂ።

የአያትሽን በሬ ስም ስታወጪለት ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት መልኩ ቁርጥ እሱን ነው። ያ በሬ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ቢሆንም ዛሬ እንደገና ስሚኝ።

መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አንጎለላ ሜዳው ሁሉ የከብት ሆድ የሚነፋውን ማገጥ ለብሷል። ቡሬ ጤዛው ሳይደርቅ ማገጡ ውስጥ ገብቶ ሲግጥ ዋለ። ማታ ሲገባ ግራ ጎኑ አብጦ ከጀርባው በላይ ወጥቷል። ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። አባቴ ከብት የሚያውቅ ሰው ነበር። ዘይት አጠጣው፣ እየጎተተ በደጁ አዞረው። በሬው ትንሽ የተነፈሰ መሰለ። እናቴ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ይጠሩ አለች፤ የተነፋ ከብት ጎኑን ወግተው የሚያድኑ እሳቸው ነበሩ። አባቴ «በዚህ ጨለማ ሽማግሌ ከእንቅልፍ አልቀሰቅስም፤ ሲነጋ እጠራቸዋለሁ» አላት። ሲነጋ ቡሬ እግሩን ዘርግቶ አገኘነው።

ያን ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረስን። ተራችን እስኪደርስ ዘሩ ዘገየ፣ እህሉም አነሰ። አክስትሽ ትምህርቷን አቋርጣ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት የገባችው በዚያ ዓመት ነው። አንቺ ሁሌ «እትዬ ለምን አልተማረችም?» ትይኝ ነበር። መልሱ ይኸው ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ የሚቆጨው የበሬው ዋጋ አልነበረም። «ያን ሌሊት ማዶ ተሻግሬ ቢሆን ኖሮ» እያለ ነው የሞተው። እኔም ደብረ ዘይት ወርጄ የእንስሳት ጤና የተማርኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ልጅ ሆነሽ ባትሪ ይዘሽልኝ የተነፋ በሬ በትሮካር፣ ጋዝ በሚያስወጣው ሹል ቱቦ፣ ስወጋ አይተሻል። ጋዙ ፉጭ ብሎ ሲወጣ ታጨበጭቢ ነበር። የውሻ ግን እንደዚያ አይደለም። የተጠመዘዘ ጨጓራ የሚመለሰው በኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ያየሽውን አስታውሰሽ በእጅሽ ምንም ነገር እንዳትሞክሪ። ዘይትም አታጠጪው። መኪና ውስጥ አስገብተሽ መሄድ ብቻ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። አንቺ 3ኛ ፎቅ ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መቆም ያቃተው 70 ኪሎ ውሻ በደረጃ እንዴት ታወርጂዋለሽ? ይህን ዛሬ አስቢበት። ጠንካራ ብርድ ልብስ በር አጠገብ አስቀምጪ፤ ሁለት ሰው በአራቱ ጫፍ ይዞ ያወርደዋል። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ተስማሙ። ዳዊት ሩቅ ነው፤ ታች ያለውን ጎረቤትሽን ለምኚ። ሰው ከእንቅልፍ መቀስቀስ አትፈሪ። ከምትኖሪበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ቅርብ የእንስሳት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ እወቂ። አንድ ቀን በሰላሙ ጊዜ መንገዱን ነድተሽ እዪው።

መከላከያም አለው። ሲኮላሽ በዚያው ሰመመን ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር ይሰፉታል፤ ጋስትሮፔክሲ ይሉታል። ጋዝ ከመሙላት አያድነውም፣ ከመጠምዘዝ ግን በአብዛኛው ያድነዋል። ለዚህ ዘር መቼ ማድረግ እንደሚሻል ሐኪሙን ጠይቂው። ዋጋው ውድ ነው፤ ለትልቅ ውሻ ሰመመኑም መድኃኒቱም በኪሎ ይሰላል። ከጎደለሽ ንገሪኝ። ኢንሹራንስም ካልገባሽለት አሁን ጤነኛ ሳለ ግቢ፣ ከታመመ በኋላ ያንን በሽታ አይሸፍኑልሽም።

ፎቶው ላይ ከፍ ያለ ማቆሚያ ላይ ሲበላ አየሁት። ሳህኑን ከዚያ ላይ አንሺው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ከፍ ካለ ሳህን የሚበሉ ትልልቅ ውሾች ይበልጥ ሆዳቸው እንደሚነፋ አግኝተዋል። ሽቅድምድም አድርጎ የሚበላም እንዲሁ። የቀኑን ምግብ ሦስት ቦታ ከፍለሽ ስጪው። በልቶ ወዲያው አይሩጥ።

እናትሽ «አጥንት ትቀቅልለት፣ ወተትም ታጠጣው፣ አጥንቱ ይጠንክር» ትላለች። ለፍቅር ነው የምትለው፣ ግን እንዳትሰሚያት። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ካልሲየም ሲበዛበት ደግሞ የግዙፍ ቡችላ አጥንት ይበላሻል። ለትልልቅ ዘር ቡችላ ተብሎ የሚሸጠውን ምግብ ብቻ ስጪው፣ ሳታወፍሪው። በዝግታ ቢያድግ ይሻለዋል። ወጥ በፍጹም አትስጪው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል። እንግዶችሽ በፍቅር የሚያጎርሱትም ነገር ይቁም። ወፍራም መኝታ አድርጊለት፤ ወለል ላይ ሲተኛ ክርኑ ያብጣል። መኪና ላይ ሲወጣና ሲወርድ አይዝለል፣ መረማመጃ ግዢ።

ለፋሲካ ይዘሽው ልትመጪ አስበሻል አሉ። ተዪው ልጄ። አሜሪካኖቹ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ኢትዮጵያን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ መድበዋታል፤ ሲመለስ ክትባቱን፣ ቆዳው ሥር የሚቀበረውን መለያ ማይክሮቺፑን፣ ወረቀቱን ሁሉ ይመረምራሉ። በሽታውም እዚህ በእውነት አለ። ደግሞ ይህን የሚያህል ውሻ በጭነት ክፍል ይህን ሁሉ ሰዓት ማሰቃየት ነው። እናትሽ ደግሞ ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይገባም ብላ ተቆጥታለች። ከእሷ ጋር አትከራከሪ። ሥዕለ ማርያም ያለችበት ክፍል እንዳታስገቢው፣ እሷም በዚህ ትስማማለች።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። እነዚህ ውሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው። ሚሺጋን የነበረው ዜውስ የሚባለው ግሬት ዴን በአራት እግሩ ቆሞ እስከ ትከሻው 111.8 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ በዓለም ረጅሙ ውሻ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በ5 ዓመቱ ሞተ። አንቺ ደግሞ ስትወጂ እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። ብቻሽን በሰው አገር እንዲህ ያለ የዋህ እንስሳ አጠገብሽ መተኛቱ ለእኔም ዕረፍት ነው። ውደጂው። ልቡንም በየዓመቱ አስመርምሪው፤ የልብ ሕመም በዘሩ ውስጥ አለ።

ቤዛዬ፣ ሁሉንም ብትረሺ ይህን አትርሺ። ሆዱ ከተነፋ ሲነጋ አትበይ። አድሮ ይሻለዋል አትበይ። የሆስፒታሉን ስምና ያ ጎረቤትሽ እሺ ማለቱን እስከ እሁድ ጻፊልኝ። የኦፕራሲዮኑን ግምትም ከሐኪሙ ተቀበዪና ላኪልኝ፣ ከእህል ሽያጩ የቀረ ገንዘብ አለ።

አባትሽ